አርባ አንደኛው ራስ የእኔ ነው

ለተከበሩ የፀጉር ንቅለ ተከላ ክሊኒክ ዋና ሐኪምና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላልተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና ምስጋና ስለማቅረብ እና ወንድሜ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለሙያዎችዎ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ፣ እንዲሁም በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ፈገግታ ለማይለያቸው ባለ ፀጉር ወንዶች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እጅዎ የማይንቀጠቀጥ፣ የራስዎም ፀጉር በመስታወቱ በር በኩል ባየሁት መጠን የቀረው ባለበት የሚጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሁለት ወንበር ባለው አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በኩል ባለው ወንበር ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ራስ ሳስተካክል የኖርኩ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የምጽፈው ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ፣ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሐሳብ መስጫ ሣጥናችሁ ውስጥ ወረቀት ጥዬ ሲያበቃ፣ ሣጥኑ ከሥሩ ክፍት መሆኑንና ወረቀቴ ከአበባው ማሰሮ ጀርባ መውደቁን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ በመጪው ሰኞ ጠዋት እርስዎ ዘንድ በደረቱ ተኝቶ፣ የቀረችውን የማጅራቱን ፀጉር አንድ በአንድ አስነቅሎ አናቱ ላይ ሊያስተክል ቀጠሮ ይዟል። ይህን የወሰነው በአልበማችሁ ቁጥር አርባ አንድ ላይ «ከሕክምናው በኋላ» ተብሎ የታተመውን ውብ ራስ አይቶ ነው። ያ ራስ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ከአንድ መንጋጋ ጥርስ በቀር የተነቀለልኝም የተተከለልኝም ነገር የለም።

ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነው። በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ብዬ ነው የምጠራው። መቀስ ይዤ መጀመሪያ የተለማመድኩት በእሱ ራስ ላይ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ግራውን ከቀኙ አሳጥሬ፣ ከጆሮው በላይ ደረጃ የመሰለ ነገር ሠርቼለት፣ እሱ ግን በመስታወት አገላብጦ አይቶ «ጎበዝ፣ እጅ አለህ» ብሎኝ በማግስቱ እንዲያ ሆኖ ክፍል ገብቶ አስተማረ። እኔ ዛሬ ሠርቼ የምበላው በዚያች ውሸት ነው። ፀጉሩ መሸሽ የጀመረው በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጨረቃ» እንደሚሉት እያወቀ፣ እንዳልሰማ ሆኖ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ኖሯል።

ያልቻለው የመታወቂያ እድሳቱን ነው። የመስኮቷ ሠራተኛ የድሮውን ፎቶ አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየችና «አባቴ፣ የታናሽ ወንድምዎን መታወቂያ ነው ያመጡት» አለችው። የራሱ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው እንዲያመጣ ተነገረውና እኔን ጠራኝ። ከሥራ ሮጬ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ አንገቷን አውጥታ «ይኸው፣ ባለ ፎቶው መጣ!» አለች። በማግስቱ ወንድሜ ፀጉር ቤት መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና፣ የሚቆረጥ ብዙም ሳይኖረው፣ «እስቲ ስለዚህ ስለሚተከለው ፀጉር አጥናልኝ» አለኝ።

አጠናሁ። ክቡር ሆይ፣ ስምንት ወር አጠናሁ። ደብተር ገዛሁ፣ አጉሊ መነጽር ተዋስኩ፣ በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ሰው ሁሉ ቀድሞ ለመሳፈር ሲጋፋ እኔ ማጅራት ለማየት ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ንፋስ ሲነሣ ደግሞ ግንባር ለማየት ቀድሜ ሮጬ ዞርኩ። በዚህ የተነሣ ሁለት ሰዎች የሚያውቁኝ መስሏቸው ሰላም ብለውኛል፣ አንዱ ደግሞ ኪሱን ጨብጦ መንገድ ተሻግሯል። ተክለው የተሳካላቸውንም ያልተሳካላቸውንም ደንበኞቼን በትዕግሥት መረመርኩ፤ ከእነዚህ አንዱ ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ሲሆን፣ የግንባሩ መስመር ከዳር እስከ ዳር በኖራ የተሰመረ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ይመስላል።

የተማርኩትን ልንገርዎ፤ እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፣ አልበምዎ ግን ያውቀዋል ብዬ ለመማል እቸገራለሁ። እውነተኛ የፀጉር መስመር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ፀጉር ከሰልፉ አምልጦ ወደ ግንባር ይቀድማል። ከፊት ያለው ስስና ነጠላ ነጠላ ነው፤ ጥቅጥቅ የሚለው ከኋላው ነው። የግንባሩ ፀጉር ወደ ፊት ይተኛል፣ የጆሮ ግንዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ አናት ላይ የደረሰው ዞሮ ዞሮ አዙሪት ይሠራል፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ከቆመ የተፈጥሮ ሳይሆን የጫማ ብሩሽ ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው ላይ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ግንባር ከተተከለ ሰውየው የተዋሰው ኮፍያ ያደረገ ይመስላል። ፎቶም ቢሆን ይታያል፦ «በፊት» የሚለው ረጥቦ መብራት ሥር፣ «በኋላ» የሚለው ደርቆና ተበጥሮ በጥላ ከተነሣ፣ ለውጡን ያመጣው ሐኪሙ ሳይሆን ማበጠሪያው ነው። ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ ነው፦ ከማጅራት የተነቀለ ፀጉር በቦታው ተመልሶ አይበቅልም። የወንድሜ ማጅራት አንድ ነው፤ ያለችውም እፍኝ የማትሞላ ናት። እሷ ከተበላሸች ሌላ የለም።

ስለዚህ አዲስ የታተመውን አልበማችሁን ወንድሜ አምጥቶ መስታወቴ ሥር ሲያኖረውና «አንተ እሺ ካልክ እተኛለሁ፣ አይሆንም ካልክ እተወዋለሁ» ሲለኝ፣ እንዴት ያለ ሸክም እንደተሸከምኩ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ። ስልሳ አራቱን ጥንድ ፎቶዎች ሦስት ሳምንት በአጉሊ መነጽር አየሁ። ደብተሬ ይኸው ነው፦ ቁጥር ሰባት፣ የሽንኩርት መደብ። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ አሻንጉሊት። ቁጥር ሠላሳ፣ የበፊቱ ሰውዬና የበኋላው ሰውዬ ጆሮ ለጆሮ አይተዋወቁም። ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ፈጣሪ ይርዳው።

ቁጥር አርባ አንድ ላይ ስደርስ ግን ብድግ አልኩ። የጻፍኩትን ሳልቀንስ እገለብጣለሁ፤ ያፈርኩትን ያህል እርስዎም ቢያፍሩልኝ ደስ ይለኛል። «ይህን የሠራ እጅ ይባረክ። አዙሪቱ ሁለት ነው፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ፤ ይህን አስቦ መትከል ሐኪም ብቻ ሳይሆን ገጣሚም መሆን ይጠይቃል። ዕድሜውን የሚመጥን ነው፣ አይጮህም፣ አያሳጣም። ከሁሉ የሚገርመው የበፊቱ ራስ ቁርጥ የጋሼን ይመስላል፤ የእሱ ዓይነት መላጣ ያለበት ሰው መገኘቱ ራሱ ዕድል ነው። ለዚህ ሰው ከበቀለ ለጋሼም ይበቅላል።» በዚህ መሠረት እሺ አልኩት። ወንድሜ በማግስቱ የስምምነት ወረቀታችሁን ፈረመ።

የበፊቱ ራስ ቁርጥ የጋሼን የመሰለው የጋሼ ስለሆነ ነው። የበኋላው የተዋጣለት የእኔ ስለሆነ ነው። ይህን የነገረኝ አጠገቤ ባለው ወንበር የሚሠራውና አፉ ስለማይዘጋ «ዝምታ» የሚል ስም የወጣለት ባልደረባዬ ነው። እኛ ሁለታችን በየአሥራ አምስት ቀኑ እርስ በርስ እንቆራረጣለን፤ አልበሙን ገና ከሩቅ እንዳየ «አንተ! ምነው ራስህን እዚህ አስቀመጥከው?» አለና፣ ከአዙሪቱ በታች ምስር የምታክል ጠባሳ በጣቱ አሳየኝ። ማሽኑ ሁልጊዜ እዚያች ላይ እየዘለለ እንደሚያስቸግረው ነገረኝ። ፀጉር አስተካካይ የሠፈሩን አናት ሁሉ ያውቃል፣ የራሱን ግን አይቶት አያውቅም። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ በአጉሊ መነጽር ሳደንቅ የከረምኩት ራሴን ነበር።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ አልፋለሁ።

አንደኛ፣ ወንድሜና እኔ መጀመሪያ አብረን በመጣን ጊዜ የእሱን ራስ ከሦስት ወገን ፎቶ አንሥታችሁ፣ ለምርመራ ደም ወስዳችሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ ብላችሁት ነበር። በቀጠሮው ቀን ተማሪዎቹን ሲፈትን ስለዋለ ካርዱን ሰጥቶ ውጤቱን እንድቀበልለት እኔን ላከኝ። ነርሷ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ደስ ብሏት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ አናቴን፣ ግንባሬንና ማጅራቴን ፎቶ አነሣችና «በጣም ጥሩ ውጤት ነው» አለችኝ። የወንድሜን የደም ምርመራ የምትል መስሎኝ አመሰገንኳት። በዚህ ዓይነት የሁለት ወንድማማቾች መመሳሰል ብቻውን አንድ ቀዶ ሕክምና ስለሠራልዎ፣ ለወላጆቼ የምስጋና ወረቀት ቢጽፉላቸው ይገባቸዋል።

ሁለተኛ፣ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለው ሦስት ሳምንት ሲሆን አልበማችሁ «አሥራ ሁለተኛ ወር» ይላል። ዕድሜዬን ስለጨመራችሁልኝ አመሰግናለሁ። መዝገባችሁም ከወንድሜ ማጅራት ሁለት ሺህ ስድስት መቶ የፀጉር ሥር ተነቅሎ አናቱ ላይ መተከሉን ይመሰክራል። በየሁለት ሳምንቱ ስለምቆርጠው አረጋግጬ ልናገር የምችለው፣ የተነቀሉት ሁሉ ከቦታቸው አለመንቀሳቀሳቸውንና የተተከሉት አለመድረሳቸውን ነው። ወንድሜ ቀጠሮ ለመያዝ ሲደውል «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሁለተኛ ዙር ነው አይደል?» ተብሏል። እሱ የስልክ ስህተት መስሎት ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሁን አልስቅም።

ሦስተኛ፣ ለደንበኛ ክብር ስትሉ ፊቴን ቆርጣችሁ ስላወጣችሁ አመሰግናለሁ። በጣም ስለከበርኩ ራሴን አላወቅሁትም።

አራተኛ፣ ስህተቱን ለማሳረም በመጣሁ ጊዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ እጅግ በሰለጠነ አነጋገር፣ በፎቶው ላይ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው የራሱ ባለቤት ብቻ እንደሆነ፣ የራሱ ባለቤት በመዝገቡ መሠረት ወንድሜ እንደሆነ፣ ወንድሜ ደግሞ ምንም ቅሬታ እንደሌለው አስረዱኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ጠባሳዬን ባሳያቸው «ራስ የምንመለከተው በቀጠሮ ነው» ብለው ቅጽ ሰጡኝ። ቅጹ «ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀን» ይላል። «አልተደረገልኝም» ብዬ ጻፍኩ። ያልተሟላ ተብሎ ተመለሰልኝ።

አምስተኛውን የምጽፈው በከፊል በንዴት፣ በከፊል በኩራት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ በመጣሁ ቀን እርስዎ ራስዎ በኮሪደሩ ሲያልፉ የዋና ሐኪሙ ያለህ ብዬ ኮፍያዬን ባወልቅ፣ ቆመው አናቴን ተመለከቱና ፊትዎ በራ። ቃሌን ሳይሰሙ አራት ሠልጣኝ ሐኪሞችን ጠርተው በዙሪያዬ አቆሙ። አንዱ በማስመሪያ ለካኝ፣ አንዷ አቅጣጫውን በደብተሯ ነደፈች፣ ሦስተኛው አንዲት ፀጉር ይዞ ጥንካሬዋን ለመፈተን ሳበ፣ አራተኛው ያየኝ ሁሉ ተፈጥሯዊ ነው ብሎ እንደሚምል ተናገረ። እርስዎም አገጭዎን እያሻሹ «ይህ ሁለተኛው አዙሪት ብዙ አስቸግሮኝ ነበር» አሉ። ክቡር ሆይ፣ እናቴ ብቻ የደከመችበትን ነገር እርስዎ እንዴት እንደደከሙበት ሲያብራሩ ስሰማ፣ ለአንድ አፍታ አመንኩዎት። የተደረገልኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ማጅራቴን ዳሰስኩ። ስወጣም የመዝገብ ቤቷ እመቤት አንድ ወርቃማ ጠርዝ ያለው የምስክር ወረቀት አስይዘው ሸኙኝ፤ ስሙ የወንድሜ፣ ፎቶው የእኔ፣ ፊርማው የእርስዎ ሲሆን፣ «የዚህ ራስ ፀጉር በማናቸውም ጊዜ ቢሳሳ ወይም ቢረግፍ ክሊኒካችን ለዕድሜ ልክ ኃላፊነቱን ይወስዳል» ይላል። መስታወቴ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ስድስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፣ ወይም በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም። ነገሩን ሁሉ ለወንድሜ ሄጄ ነገርኩት። የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር፤ ብዕሩን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሃያ ስድስት ዓመት ፀጉሬን ስትጠርግ ኖርክ፤ አሁን ሊበቅልልኝ ሲል ከፋህ?» አለኝ። ሁልጊዜ ባለ ፀጉሩ እኔ መሆኔን፣ የመስኮቷ ሴትዮ ፊትም ባለ ፎቶው እኔ መሆኔን፣ አሁን ደግሞ የእሱን ተስፋ እንኳ «የእኔ ራስ ነው» ብዬ መውሰዴን ነገረኝ። ጠባሳዬን እይ ብዬ ብጎነበስ አላየም፣ ወረቀቱን ወደ ማረም ተመለሰ። ባለፈው ቅዳሜ ለፀጉሩ አልመጣም። መቀስ ከያዝኩ ጀምሮ አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም፤ በታመመ ጊዜ እንኳ ቤቱ ሄጄ አልጋው ላይ ነው የቆረጥኩት። ወንበሬ ባዶ ሆኖ ሲውል የተሰማኝን በዚህ ዓይነት የክብር ደብዳቤ ውስጥ መጻፍ አልችልበትም። ከፋኝ፣ በቃ።

እኔ የንቅለ ተከላ ጠላት አይደለሁም። ጥሩ የተሠራላቸውን ሰዎች በእጄ ዳስሻለሁ፤ የራሳቸውን ፎቶ የሚያሳዩ፣ ማጅራቱ አይበቃም ሲሆን አይበቃም የሚሉ ሐኪሞች እንዳሉም ሰምቻለሁ። ወንድሜ ፀጉር ቢበቅልለት ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም፤ የምቆርጠው አገኛለሁ። ነገር ግን ማመን የሚገባው በተሠራ ራስ ነው እንጂ ባልተሠራ ራስ አይደለም። ያመነውም እርስዎን አይደለም፣ እኔን ነው፤ ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ቁጥር አርባ አንድን ከአልበሙ እንዲያወጡና፣ ከሰኞ በፊት ለወንድሜ አንዲት መስመር እንዲጽፉለት፦ «ያ ራስ የታናሽ ወንድምዎ ነው፣ እኛ አልነካነውም» የምትል። ፊርማዎ ያረፈበት ካልሆነ እንደማያምን ባለፈው ቅዳሜ አይቻለሁ። ይህን ከጻፉለት በኋላ ልተኛ ካለ ራሱ የእሱ ነው፤ እኔ ጫማውን ይዤ ውጪ እቀመጣለሁ።

ውድ ጊዜዎን ከአናቶች ላይ አንሥተው ይህን ስላነበቡ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ እጅ እነሣለሁ።

በሕይወቱ አንድም ጊዜ ሳይተኛልዎ ከሁሉ በላይ የተሳካልዎ ታካሚዎ፣
ከበሩ በኩል ያለው ፀጉር አስተካካይ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ (ያልተሟላ ብለው እንዳይመልሱት ቀን ጽፌበታለሁ)
ለአራቱ ሠልጣኞች
ለቁጥር ሠላሳዎቹ ሁለት ሰዎች፣ ለየብቻ
ለጋሼ፣ ካነበበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለሰው ሁሉ እንዲታይ መስታወቴ ላይ፣ ከምስክር ወረቀትዎና ከቁጥር አርባ አንድ ጎን ለጥፌው ነበር። ከሰኞ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወንድሜ መጣ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማጅራቱን እንዲያሳጥር አዛችሁት ኖሮ፣ ሌላ ሰው ራሱን እንዲነካው አልፈለገም። ሰላም ሳይለኝ ተቀመጠ። ፎጣውን አንገቱ ላይ አደረግሁ፣ እሱ ግን ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ አላነሣም፤ እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሲጨርስ ተነሣና እኔን በወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ፣ ራሴን በእጁ ዝቅ አድርጎ ፀጉሬን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ጠባሳዋን ሲያገኛት እጁ ቆመ። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲሮጥ ከበሩ መቃን ጋር ያጋጨኝ እሱ መሆኑን፣ ለእናታችን ግን «ራሱ ወደቀ» እንዳላት፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም እንዳልተናገረ የዚያን ጊዜ ነገረኝ። ከፎቶው ጋር አስተያየ፤ አመነ።

ቀጥሎ በስልኩ አናቴን ፎቶ አነሣ። ከዚያ ወራት ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ። ስልኩን ሰጠኝ። ከሁለቱ አዙሪቶች መካከል፣ የጠርሙስ ክዳን የምታክል፣ በእርስዎ ፎቶ ላይ የሌለች፣ የምታብረቀርቅ ቦታ አለች። ወደ ባልደረባዬ ወደ «ዝምታ» ዞርኩ፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ዝም ያለው በዚህ ጉዳይ ኖሯል፣ ካያት ሁለት ወር ሆኖታል። ወንድሜ መዳፉን አናቴ ላይ አሳርፎ «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ።

ስለዚህ የሰኞው ቀጠሮ አልተሰረዘም፤ ባለ ቀጠሮው ብቻ ተለውጧል። ወንድሜ ማጅራቱን ይዞ እንደ አስታማሚ ይመጣል። እኔ ምስክር ወረቀቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ፎቶው የእኔ ነው፣ ፊርማው የእርስዎ ነው፣ እየረገፈ ያለውም በመዝገብዎ መሠረት የእርስዎ ሥራ ነው። ሠልጣኞቹ ማስመሪያቸውን እንዳይረሱ።